መብራት የሌለበት ሜዳ

የእኛ ሰው ስለ ኤሌክትሪክ ሲያወራ ሁለት ቃል ይበቃዋል። «መጣ» እና «ሄደ»። ሲመጣ እሰየው ነው፤ ሲሄድ ሻማ ይፈለጋል። «ለመሆኑ ስንት መጣ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ቆጣሪው የወር መጨረሻ ጣጣ ነው እንጂ የዕለት ጉዳይ አይደለም። እዚህ አሜሪካ የምንኖረው ደግሞ «ሄደ» የምትለዋን ቃል ራሷን ወደ መርሳቱ ነን። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ አለ፣ ይሰካል፣ አለቀ።

«ስንት?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ከሞዴል አውሮፕላን የተነሳ ነው። (አትሳቁ! ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ብላችሁ ከሆነ፣ ሜዳው ላይ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ከእኔ በላይ ይዘላሉ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ዲሲ አካባቢ የሚኖር አበሻ ደግሞ በአብዛኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ወይም እዚያው ገደማ ነው። ከሬገን ብሔራዊ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ድረስ ያለው ሰማይ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮንም ሆነ ሞዴል አውሮፕላን የማይበርበት ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ይቻላል፤ ግን ከ400 ጫማ በታች፣ በዓይን እያዩ፣ የምዝገባውን ደንብ ጠብቆ ነው። ስለዚህ ሰፈራችን ካለው መናፈሻ ወጥቶ ማብረር የሚባል ነገር የለም። ከቀለበቱ ማዶ ወዳሉት የክለብ ሜዳዎች ይነዳል። እነዚህ ሜዳዎች ብዙውን ጊዜ የእርሻ መሬት ዳር ላይ ናቸው፤ ሣር አለ፣ ነፋስ አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ሶኬት ግን የለም።

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ማብረር እየተማረ ነው። የእሱ አውሮፕላን ከፎም የተሠራች የጀማሪ አውሮፕላን ስትሆን የምትበላው ባለ 3 ሴል፣ 2200 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ነው። ሜዳ ላይ በአጭሩ «ሊፖ» ይባላል። አንዱ ባትሪ በግምት 8 ደቂቃ ያበራል። አራት ባትሪ ቤት ሞልተን ብንወጣ 32 ደቂቃ ማለት ነው። ለ32 ደቂቃ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ሲነዳ አስቡት!

ከዚህም የሚከፋው የመማሩ ነገር ነው። ማብረር በጭንቅላት የሚያዝ ትምህርት አይደለም፤ እጅ ነው የሚማረው። አውሮፕላኗ ወደ እናንተ ስትመጣ ቀኝና ግራ ይገለበጣል። ይህ ግልብጥብጥ እጅ ውስጥ የሚገባው በድግግሞሽ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሦስት በረራዎች ትከሻው ጆሮው ላይ ወጥቶ ነው የሚጨርሰው። አምስተኛው ላይ መተንፈስ ይጀምራል። ማረፍ የሚለማመደው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ባትሪ ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ታዲያ መማር ሊጀምር ሲል ወደ ቤት ይጫናል።

«ታዲያ ባትሪ መግዛት ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ሊፖ እንደ ሽንብራ በጆንያ የሚከማች ነገር አለመሆኑ ነው። ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ ሴል 4.2 ቮልት ነው። በዚያ ሁኔታ ለቀናት ከተቀመጠ ይጎዳል፣ ያብጣል። ለማስቀመጥ የሚመከረው ወደ 3.8 ቮልት ገደማ ነው። እንግዲህ ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ባትሪ ሞልታችሁ ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ቢጥል፣ እሑድ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ስታጎድሉ ትውላላችሁ። የሚሻለው ባትሪዎቹን ጥቂት አድርጎ ኃይሉን ሜዳ ድረስ ይዞ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ስንት?» የምትመጣው። 11.1 ቮልት በ2.2 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 24 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ባትሪን እስከ ጥጉ ማሟጠጥ ነውር ስለሆነ 80 በመቶውን ተጠቅመን እናርፋለን፤ ይህ 20 ዋት-ሰዓት ነው። መልሰን ስንሞላው ቻርጀሩ ሙቀት አድርጎ የሚያባክነው ስላለ ከምንጩ የሚወጣው 24 ያህል ይሆናል። አራቱን ባትሪ ሁለት ሁለት ጊዜ ሜዳ ላይ ብንሞላ ስምንት ሙሊት ነው። ስምንት ጊዜ 24፣ 192። ዙሩና 200 ዋት-ሰዓት በሉት። በዚህች 200 ዋት-ሰዓት 32 ደቂቃው 96 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። አራት በረራ አሥራ ሁለት ሆነ።

ታዲያ 200 ዋት-ሰዓት ከየት ይምጣ?

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ መኪናው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫ መሰካት። የመኪና ባትሪ ግን የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። ሞተር ለማስነሳት በጣም ብዙ አምፒር ለጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተፈጠረው። ቀስ ብሎ ለሰዓታት ሲመጠጥ ይጎዳል። ሁለት መቶ ዋት-ሰዓት ማለት ደግሞ ከአንድ መካከለኛ የመኪና ባትሪ ሲሶ ገደማ ነው። በሞቃት ቀን፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ ያልፍ ይሆናል። በብርድ ወይም ባትሪው ካረጀ ግን ማታ ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ… ጠቅ…» ነው። ሞተሩን አስነስቶ መሙላትም አለ፤ ቤንዚኑ ይቃጠላል፣ የጋለው የጭስ ማውጫ ደግሞ ከደረቅ ሣር ጋር አይስማማም።

ሁለተኛው ጄኔሬተር ነው። ኃይሉስ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ግን እስቲ አስቡት። ሞዴል አውሮፕላን ድሮ በሜታኖልና በናይትሮሜቴን ድብልቅ ነዳጅ ነበር በብዛት የሚበረው፤ እየጮኸ፣ ዘይት እየረጨ። በኤሌክትሪክ ማብረር አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 በብር-ዚንክ ባትሪ «ሬዲዮ ክዊን» የተባለች ሞዴል አብርረዋል። በብዛት የተስፋፋው ግን ሊፖ ከመጣ ወዲህ ነው። ዛሬ አውሮፕላኖቹ ዝም ብለዋል። ታዲያ ዝም ያለችውን አውሮፕላን ለመሙላት የሚጮህ ሞተር ሜዳው ላይ መትከል ምን ይሉታል?

ቀልድ አይምሰላችሁ። ክለቦች መሬቱን የሚያገኙት በኪራይ ወይም በፈቃድ ነው። ጎረቤት በጩኸት ከተማረረ ሜዳው ሊሄድ ይችላል። የእኛ አካባቢ ሰዎች ሜዳ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ክልከላው በ30 ማይሉ ክልል ሁሉ ላሉ ክለቦች ደርሶ በረራ አቁመው ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ነው ወደ 15 ማይል የጠበበው። ሰማዩን በደንብ ያጣ ሰው መሬቱን በጩኸት ማጣት የለበትም።

ሦስተኛው ለረጅም መመጠጥ የተሠራ የእርሳስ-አሲድ ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ቢሆን ወረቀቱ ላይ 1200 ዋት-ሰዓት ነው። ዕድሜው እንዲረዝም ግን ግማሹን ብቻ ነው መንካት ያለባችሁ። ስድስት መቶም ቢሆን ለእኛ ሦስት ቅዳሜ ነው። ክፋቱ ክብደቱ ነው። ከ25 ኪሎ ይበልጣል። ሩብ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ ሜዳ ለሜዳ መሄድ ማለት ነው።

አራተኛው ዛሬ ሜዳው ላይ እየበዛ ያለው ነው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት። በተመሳሳይ 100 አምፒር-ሰዓት 1280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ አብዛኛውን መጠቀም ይቻላል፣ ክብደቱም 12 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ መሞላት የለበትም። ይኸው ኬሚስትሪ እጀታ ባላቸው ሣጥኖች ውስጥ፣ ሶኬትና ቁጥር የሚያሳይ መስኮት ተጨምሮለት ይሸጣል። የ500 ዋት-ሰዓቱ ሣጥን ስድስት ሰባት ኪሎ ቢሆን ነው። ለጀማሪ እሱ ከበቂ በላይ ነው።

እዚህም ግን ቁጥር አለ። የሣጥኑን የግድግዳ ዓይነት ሶኬት ከተጠቀማችሁ 12 ቮልቱ መጀመሪያ ወደ 120 ቮልት ይወጣል፣ ከዚያ ቻርጀሩ ውስጥ መልሶ ይወርዳል። በሁለቱም መንገድ ይባክናል። ቻርጀራችሁ ቀጥታ 12 ቮልት የሚቀበል ከሆነ በእሱ ስኩት። የሲጋራ ማቀጣጠያ ዓይነቱ ሶኬት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፒር አያልፍም፤ 120 ዋት ገደማ ነው። የልጁ ባትሪ በአንድ ሰዓት እንዲሞላ ከምንጩ 33 ዋት ያህል ይፈልጋል። ሦስት በአንድ ጊዜ ይቻላል። አራተኛውን ስትጨምሩ ሣጥኑ ይዘጋል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

ፀሐይስ? የ100 ዋት ፓኔል በጥሩ ቀን፣ ወደ ፀሐይ በደንብ ከዞረ፣ 60 ወይም 70 ዋት ይሰጣል። በሦስት ሰዓት የዕለቱን 200 ዋት-ሰዓት ይመልሳል። ፓኔሉን ግን በቀጥታ ከቻርጀሩ ጋር አታገናኙት፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ይቋረጣል። ወደ ሣጥኑ ይግባ፣ ሣጥኑ ባትሪውን ይሙላ።

ስለ እሳት ሳልናገር ባልፍ ክፉ ሰው ነኝ። ሊፖ ሲናደድ በውኃ ብርጭቆ የሚበርድ አይደለም። መኪና ውስጥ አይሞላም። ከበረራ እንደወረደ ትኩሱን አይሞላም። ያበጠ፣ የተመታ አይሞላም። የሴሉን ቁጥር በትክክል አስገቡ፣ የማመጣጠኛዋን ትንሽ ገመድ ስኩ፣ መሬት ላይ ወይም አሸዋ አጠገብ አድርጉት፣ ጥላችሁትም አትሂዱ።

ሌላም «ስንት?» የሚል አለ፤ አየር መንገድ። «ይቺን ሣጥን ለአገር ቤት ይዣት ልሂድ» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ። መንገደኛ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከዚያ በላይ የለም። የልጁ ትንሽ ባትሪ ትሄዳለች። የ500ው ሣጥን እዚሁ ይቀራል።

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ላይ ልጁ ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ አየው። መስኮቱ ላይ 150 ዋት-ሰዓት ይላል። ለ24 አካፈለውና «ስድስት በረራ አለን» አለኝ። ማረፊያውን ሊለማመድበት ሦስቱን ለየ፣ አንዷን ለእኔ ሰጠኝ፣ ሁለቱን ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ወንበር ላይ ለተቀመጠ አንድ ሌላ ጀማሪ ልጅ ሊሰጥ ቻርጀሩን ይዞ ሄደ።