የመጨረሻው መንጋጋና ባለ ሦስት አውታሩ ራጅ

ተማሪ በዩኒቨርሲቲ በሚቆይባቸው ዓመታት፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ባለው ዕድሜ፤ የመጨረሻው መንጋጋ ይበቅላል። ፈረንጆች «የጥበብ ጥርስ» ይሉታል፤ ለእኛ ግን ከጥበቡ ይልቅ እብጠቱን ነው ያመጣልን። መንጋጭላው ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ ጥርሱ ወደ ጎን ተጋድሞ በድድና በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በአንድ መኝታ ቤት ከምንኖረው መካከል ሦስታችን በዚሁ ጥርስ ነገር ከሐኪም ፊት ስለ ቀረብን፤ ያየነውን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ልናካፍል ወደድን።

ከታችኛው መንጋጋ ሥር በአጥንቱ ውስጥ አንድ ቀጭን ቦይ ያልፋል። በቦዩም ውስጥ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ይሄዳል። ጥርሱ ሲነቀል ነርቩ የተጎዳ እንደ ሆነ ከንፈር ይደነዝዛል። ድንዛዜው ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይለቃል፤ ሳይለቀው የሚቀር ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ከሦስታችን አንዱ ዋሽንት ነፊ ስለ ሆነ «ጥቂት» የሚለው ቃል አላጽናናውም።

ሐኪሙ አስቀድመው ያዩት ተራውን ራጅ ነው። ይህ ራጅ መንጋጭላውን በሙሉ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ያሳያል፤ ጥላ በጥላ ላይ ስለሚደረብ ግን ቦዩ ሥሩን ይንካው ወይም በአጠገቡ ይለፍ አይለይም። በዋሽንት ነፊው ራጅ ላይ ሥሩ ከቦዩ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ጠቁሮ፤ የቦዩም ነጭ መስመር ተቋርጦ ታየ። ይህ የመቀራረብ ምልክት በመሆኑ ባለ ሦስት አውታር ራጅ ታዘዘለት። ለጥርስ ሕክምና የሚሆነው ይህ መሣሪያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢጣሊያና በጃፓን የተሠራ ነው። ጨረሩን በሾጣጣ ቅርጽ እየላከ በራስ ዙሪያ ይዞራል፤ ከየአቅጣጫው የተነሡትንም ሥዕሎች ኮምፒዩተር አጋጥሞ መንጋጭላውን እንደ ድፎ ዳቦ በፈለጉት በኩል ቆርጦ ያሳያል። ዋጋው ለተማሪ ኪስ ከበድ ስላለ አዋጣንለት።

ሥዕሉ ሲታይ ነርቩ በሁለቱ ሥሮች መካከል አጥንት ሳይለየው ተጣብቆ ተገኘ። ሐኪሙም ዕቅዳቸውን ለወጡ። ጥርሱን ከነሥሩ በመንቀል ፈንታ አናቱን ቆርጠው አወጡና ሥሩን በስፍራው ተዉት። የጓደኛችን ከንፈር ደኅና ነው፤ የቀረው ሥር ተንቀሳቅሶ እንደ ሆነ ለመታየት ግን ይመላለሳል።

ይህን ያየው ሁለተኛው ወንድማችን ጉንጩ አብጦ ሄደና «ለእኔም ይነሣልኝ» አለ። ሐኪሙ ግን ተራውን ራጅ አሳይተውት፤ «ልጄ፤ ያንተ ሥር ከቦዩ ርቋል። ሥዕሉ ቢነሣም የምሠራው ይህንኑ ነው» ብለው ነቀሉለት። ሦስተኛው የተቦረቦረ ጥርስ ሊያስሞላ ሄዶ የተቀበረው መንጋጋ በራጅ ታየበት። ሕመምም ቁስልም ስላልነበረው ሳይነካ እንዲቆይና በየጊዜው እንዲታይ ተመከረ።

ብዙ ሰው መሣሪያው በረቀቀ መጠን አደጋው በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስለዋል። ሆኖም በአውሮፓ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፤ ግማሾቹን በተራው ራጅ፤ ግማሾቹን በባለ ሦስት አውታሩ እያዩ የነቀሉ ሐኪሞች በነርቭ ጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኙም። ጨረሩም ከተራው ይበልጣል። ስለዚህ በ2019 የአውሮፓ የጥርስ ራጅ ሊቃውንት ተራው ራጅ ያልመለሰው የታወቀ ጥያቄ ካልኖረ በቀር እንዳይነሣ መክረዋል። ሥዕል ነርቭን ከስፍራው አያንቀሳቅስም፤ የሚጠቅመው የሐኪሙን እጅ ሥራ የለወጠ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ መንጋጋው የሚነዝራችሁ ሁሉ፤ ባለ ሦስት አውታሩ ራጅ ሲታዘዝላችሁ በትሕትና «ይህ ሥዕል በሚደረግልኝ ሕክምና ላይ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካለው ጓደኞቻችሁን አስቸግራችሁም ቢሆን ተነሡ፤ መልስ ከሌለው ገንዘቡን ለመጽሐፍ አድርጉት።