ጣፋጭ

ቁይ ስናገለግል አንድ ማታ ሽሮው ላይ ጨው ረስቼ አቀረብኩ። ልጆቹን አስተኝቼ ስመለስ ባለቤቴ እኩሌታውን በልቶ፣ "ይጣፍጣል" አለኝ። ስቀምሰው አልጫ! ከመሳቅ ይልቅ ተናደድኩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።"

እንግሊዝኛው "ስዊት" ሲል ስኳር ስኳር ይላል። "ፐርስዌድ"፣ ማለትም ማሳመን፣ የሩቅ ዘመዱ ነው፤ በጣፈጠ ቃል ሰውን ማግባባት። የእኛ "ጣፋጭ" ግን ማሩንም፣ ጨው የገባበትን ወጥም ይጠራል። "ማጣፈጫ" የምንለውም ስኳር ሳይሆን ቅመም ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 5፥13 ይህንኑ ቃል ለጨው ተጠቅሞበታል። ቆላስይስ 4፥6 ደግሞ ንግግራችን በጨው የተቀመመ እንዲሆን ይመክራል። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ክፍል አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ፤ ከገዛ ምላሴ ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር።

ምክንያቱም ባለፈው እሑድ ስብከቱ በጣም ረዝሞ፣ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ሲያንቀላፉ እያየሁ፣ ቤት ስንገባ "ግሩም ነበር!" ብየዋለሁ። እኔም እንዳይከፋው ብዬ። ያን ማታ እንጀራው ፊት ለፊት ተቀምጬ ነገርኩት።

ብዙ ዝም አለ። ፊቱም ተለዋወጠ። ቆይቶ፣ "የቱ ጋ ነው የሰለቸሽ?" አለኝ።