ስሙኒዋና መርፌዋ

የሸክላ ዘፈን እየሰማ ያደገ ሰው ስለ መርፌ ማውራት አይከብደውም፤ እኔ ግን ስለ መርፌ በተነሣ ቁጥር ትዝ የምትለኝ አንዲት ስሙኒ ናት።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1979 ነበር። ዕድሜዬ አሥራ አንድ ነው። አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ የተያዘች ከተማ በመሆኗ ሙዚቃ የናፈቀው ሰው በጊዜ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሰማው። አባቴ እንደ ሻንጣ የምትዘጋ ባለ እጀታ የሸክላ ማጫወቻ ነበረቻቸው። ከሸክላዎቻቸው መካከል እናቴ አብልጣ የምትወዳት አንዲት ባለ 45 ነበረች፤ መርፌው ስላረጀ ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ እየዘለለች ታስቸግር ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጆቼ ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ከኪሴ ስሙኒ አወጣሁና በመርፌው ራስ ላይ አኖርኳት። ሸክላዋ መዝለሏን ተወች! ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እስኪመሽ ድረስ ደጋግሜ አጫወትኳት። በሳምንቱ እናቴ ልትሰማት ስትል ግን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር በምጣድ ላይ እንዳለ ተልባ የሚንጫጫ ነገር አብሮ ይሰማ ነበር። እናቴ «አይ፣ አረጀች» ብላ አነሣቻት። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከአርባ ዓመት በላይ ዘለቀ።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ አባቴን እኔ ወደምኖርባት ወደ ናይሮቢ አመጣኋቸው። ይዘውት የመጡት አንድ የልብስ ሻንጣና በእናቴ ጋቢ የተጠቀለሉ አርባ ሦስት ሸክላዎች ብቻ ነበር። የሸክላዎቹን ነገር የሚያውቅ አንባቢ ክብደታቸውን አያጣውም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለአገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ያንን ድንጋጌ ደፍሮ በራሱ ስም ሸክላ ማውጣት ጀመረ። እርሱን ተከትለው እንደ ካይፋ ያሉ አሳታሚዎች ተነሡ። አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ ወጣ፤ ካሴትም ተከትሎ መጣና የሸክላው ዘመን ተዘጋ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዝና ያለው የሙዚቃ ዘመን፣ በሸክላ የተያዘው ክፍሉ ጥቂት ዓመታት ብቻ የቆየ ነው። የአባቴ ሸክላዎች የእነዚያ ዓመታት ናቸው፤ አንዷ ብትበላሽ ወደ ሱቅ ሄዶ ሌላ መግዛት የለም።

ማጫወቻ ፍለጋ የሄድኩት ኬንያታ ገበያ ነበር። በዚያ የሥጋ ጥብስ ጢስና የፀጉር ሠሪዎች ጥሪ በሞላበት ገበያ ውስጥ አሮጌ ሸክላና ማጫወቻ የሚሸጥበት ስፍራ አለ። ናይሮቢም በ1970ዎቹ ሸክላ ይታተምባት የነበረች ከተማ ናትና የድሮ ዕቃ አይጠፋባትም። ከአንድ የተዘጋ ጭፈራ ቤት የወጣች ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 አገኘሁ። ሞተሯ ጤነኛ፣ ክንዷ ቀጥ ያለ ሚዛን የሚይዝ ነበር፤ ነገር ግን የክንዱ ጫፍ ባዶ ነው። ካርትሪጅ የለውም። ሻጩ «ማንኛውም መርፌ ይሆነዋል» አለኝ። ስሙኒዋ ትዝ አለችኝና አላመንኩትም። ማጫወቻዋን ከገዛሁ በኋላ በእጄ የቀረው 20,000 የኬንያ ሺልንግ ነበር።

ካርትሪጅ የምንለው በክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ መርፌውን የያዘውን ትንሽ ሳጥን ነው። የአልማዝ መርፌው በሸክላው ቦይ ውስጥ ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፤ ሳጥኑ ያንን እንቅጥቅጥ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አምፕሊፋየርም ሆነ ድምፅ ማጉያ ይህ ሳጥን ያላነሣውን ከየትም አያመጣውም። በኢስሊ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ወገናችን ዘንድ ሄጄ ምክር ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?»

«ልጄ፣ መጀመሪያ አራት ነገር ንገረኝ» አሉኝ። «አምፕሊፋየርህ የፎኖ መግቢያ አለው? የማጫወቻው ክንድ ምን ያህል ይከብዳል? ሸክላዎችህ የምን ዘመን ናቸው? ደግሞስ የሚሰማቸው ማን ነው?»

የመጀመሪያው ጥያቄ የካርትሪጁን ዓይነት የሚወስን ሆኖ አገኘሁት። በአባቴ የድሮ ማጫወቻ ላይ የነበረው ሴራሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። ጠንካራ ድምፅ ስለሚያወጣ ልዩ መግቢያ አያስፈልገውም፤ በምትኩ ግን አምስት ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ ሸክላው ላይ ይጫናል። ዛሬ በየሱቁ የሚታዩት በሻንጣ መልክ የተሠሩ ርካሽ ማጫወቻዎችም ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ነው። ከሦስት እስከ አምስት ሚሊቮልት ያህል ያመነጫል፤ በተራ የፎኖ መግቢያ ይሠራል፤ መርፌው ሲያልቅ በጣት ተነቅሎ በሌላ ይተካል። በሦስተኛው ዓይነት የሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ሳይሆን የሽቦው ጥቅል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታወቀው የጃፓኑ ዴኖን ዲ ኤል 103 የዚህ ወገን ነው። ድምፁ የተመሰገነ ነው፤ ኃይሉ ግን 0.3 ሚሊቮልት ብቻ በመሆኑ ተጨማሪ ማጉያ ይጠይቃል፤ መርፌውም ሲያልቅ በባለቤቱ እጅ አይለወጥም። የእኔ አሮጌ አምፕሊፋየር ያለው ተራ የፎኖ መግቢያ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው በር ተዘጋ፤ ሁለተኛውን ይዤ ቀጠልኩ።

የክንዱን ክብደት በሚመለከት አዛውንቱ የነገሩኝን አልረሳውም። «የአይሱዙ ባሌስትራ ለትንሽ ቮልስዋገን ብትገጥምላት ምን ትሆናለች? የቮልስዋገኑንስ ለአይሱዙ?» አሉኝ። መርፌውን የያዘው ዘንግ ከሥሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ያ ጎማ ባሌስትራ ነው። ክንዱና ካርትሪጁ ደግሞ ጭነቱ ናቸው። ከባድ ክንድ ጠንከር ያለ ባሌስትራ፣ ቀላል ክንድ ለስለስ ያለ ባሌስትራ ይፈልጋል። ይህ በስሌት ይገኛል። የክንዱን፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሮ በጎማው ልልነት ማብዛት፤ የውጤቱን ካሬ ሩት አውጥቶ 159ን በእርሱ ማካፈል ነው። መልሱ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ከሆነ ጋብቻው ሠመረ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ የተጣመመ ሸክላና የሰው እርምጃ መርፌውን ያናውጡታል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ ወደ ሙዚቃው ክልል ይጠጋል።

የእኔ ክንድ 12 ግራም ያህል ነው። በመጀመሪያ ያሰብኩት የዴንማርኩን ኦርቶፎን 2 ኤም ሬድ ነበር፤ ክብደቱ 7.2 ግራም፣ ልልነቱ 20 ነው። ብሎኖቹን ጨምሮ ጭነቱ 20 ግራም ሆነ፤ 20 በ20 ሲበዛ 400፣ ካሬ ሩቱ 20፤ 159 ለ20 ሲካፈል ወደ 8 ኸርዝ። ይሠራል፤ ግን ጠርዝ ላይ ነው። የጃፓኑ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪ ኤም 95 ደግሞ 6.1 ግራም ሲሆን ጎማው ጠንከር ይላል። በጽሑፉ ላይ የሰፈረው ልልነት 7 ነው፤ የጃፓን አምራቾች ግን በ100 ኸርዝ ስለሚለኩ ቁጥሩን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። እንዲያ ሲሰላ ወደ 10 ኸርዝ ይመጣል። ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያስተያይ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ተሳስቼ ነበር። አዛውንቱ በልባቸው የሚወዱት የአሜሪካኑን ሹር ነበር፤ ይሁንና ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራት አቁሟል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመርፌውን ጫፍ ቅርጽ የሚመለከት ነው። ክብ ጫፍ ያለው ርካሽና ቻይ ነው፤ የሸክላውን ቦይ ግን ከግድግዳው መሐል ላይ በሁለት ነጥብ ብቻ ይነካዋል። ሞላላ ጫፍ ያለው ጠበብ ብሎ ስለሚገባ ጥቃቅኑን ቅርጽ ያነባል። ማይክሮ ላይን የሚባለው ደግሞ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በቀጭን መስመር ይዳስሰዋል። እዚህ ላይ ልቤ ቆመ። የልጅነቴ ስሙኒ ያቆሰለችው ግድግዳ በክብ መርፌ የተነካውን ክፍል ነው፤ ቀጭኑ መርፌ ከቁስሉ በላይ ወይም በታች ያልተነካ ስፍራ ሊያገኝ ይችላል። ተአምር አይደለም፤ የተፋቀ ፕላስቲክ ተመልሶ አይበቅልም። ቢሆንም ተስፋ ነበር። ዋጋው ግን ወደ ሁለት መቶ ዶላር የሚጠጋ በመሆኑ ያለኝን ሁሉ ጠርጎ ከዚያም ያልፍ ነበር።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም የከበደኝ ነው። የሚሰማው ማን ነው? አባቴ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጆሮ ሲያረጅ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ውድ መርፌ ከርካሹ የሚበልጠውም በአብዛኛው በዚያው በቀጭኑ ድምፅ ላይ ነው። እንግዲህ ያንን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ የምገዛው ለእርሳቸው ጆሮ ነው ወይስ ለእኔ ኅሊና? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። በመጨረሻም የቪ ኤም 95 ሳጥን አንድ ሆኖ ክቡንም፣ ሞላላውንም፣ ማይክሮ ላይኑንም መርፌ እየለዋወጠ መቀበሉ ገላገለኝ። ዛሬ በሞላላው መጀመር፣ ነገ አቅም ሲገኝ መርፌውን ብቻ ማሻሻል ይቻላል።

ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ካርትሪጁ 10,000 ሺልንግ ያህል ፈጀ። በ2,000 ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን፣ በ2,500 የሸክላ ብሩሽ ገዛሁ። የቀረውን 5,500 ለሚቀጥለው መርፌ አስቀመጥኩ፤ ሞላላ መርፌ ሦስት መቶ ሰዓት ያህል ካገለገለ በኋላ መለወጥ እንዳለበት አምራቹ ራሱ ይናገራልና። ለሚዛን ገንዘብ ማውጣቱ ትርፍ የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምመክረው እርሱን ነው። በግምት የተቀመጠ ክብደት ከስሙኒ በምን ይለያል?

ካርትሪጁን ሳስር የመርፌው ጫፍ ከመያዣው የኋላ ጠርዝ 52 ሚሊሜትር እንዲርቅ አደረግሁ፤ የቴክኒክስ ልክ ይህ ነው። አራቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ሰካሁ። ክብደቱን ልክ 2 ግራም ላይ አቆምኩ። ሸክላዎቹን አጥቤ አደረቅሁ። ብዙዎቹ ሞኖ ስለሆኑ የአምፕሊፋየሩን የሞኖ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ይህቺ ትንሽ ቁልፍ ያለ ምንም ወጪ ብዙ ንጫጫታ ታጠፋለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲፈላ አባቴን ከማጫወቻዋ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ጤነኞቹን ሸክላዎች አሰማኋቸው። ባሱ ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ዘፈን ውስጥ መኖሩን የማላውቀው ሳክስፎን ከኋላ ብቅ አለ። አባቴ ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ ይመቱ ጀመር። ከዚያ የእናቴን ሸክላ አወጣሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መርፌውን ያወረድኩት በማንሻው ነው። መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ተልባው መንጫጫት ጀመረ፤ ከድሮው ቀለል ቢልም አልጠፋም።

«አባባ፣ ይህችን ያበላሸኋት እኔ ነኝ» አልኳቸው። የስሙኒዋን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው።

አባቴ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ሳቁ። «ስሙኒ ማስቀመጥን ከማን የተማርከው መሰለህ? እኔም ሌሊት ሌሊት አኖርባት ነበር። እናትህም ታውቃለች። ሁለታችንንም ላለማሳፈር ነው አረጀች ያለችው።»

መልስ አልነበረኝም። «እስቲ ድገማት» አሉኝ፤ ደገምኳት።

የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ ማይክሮ ላይኑን መርፌ እንድታመጣልኝ አዝዣለሁ። ይህኛው ለአባቴ ጆሮ አይደለም። ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በየአገሩ ለተበተኑት ወንድሞቼና እኅቶቼ ልልክላቸው አስቤያለሁ፤ ለዚያ ሥራ የተሻለው መርፌ ይገባል። የእናቴን ሸክላም ከነተልባዋ እልክላቸዋለሁ።