ግመሏን ሳናስር ተወኩል የለም



ጅግጅጋ ውስጥ ለሦስት ወንድማማቾች አንድ ሳይክል ነበረችን። የኋላው ፍሪ እየተሽከረከረ አልይዝ ሲለን አስበየድነው። ከዚያ ወዲህ ጎማው በዞረ ቁጥር ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፤ ለማቆም ፔዳሉን በእግራችን ጫን ብለን እንይዘዋለን። «እግራችን ፍሬን ነው» ብለን የተበላሸውን የፊት ፍሬን ሳናሠራ ተውነው።

አንድ ቀን ታናሻችን ከካራማራ ወደ ከተማ ሲወርድ ሳይክሏ ፈጠነችበት። የተጫማው የፕላስቲክ ሸበጥ ነበር፤ ፔዳሉም አልቆ ልሙጥ ሆኗል። እግሩ አመለጠው። እንዲህ ባለ ሳይክል እግር ከፔዳል ካመለጠ ፍሬኑም አብሮ አመለጠ ማለት ነው፤ የሚሽከረከረው ፔዳል ደግሞ ቅልጥም ይመታል። ጠጠሩ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ከኋላው የጭነት መኪና አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሲወጣ «አላህ ይጠብቅህ» ብለን ነበር የሸኘነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስራት ነው ያስተማሩት፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል። የኛ ተወኩል አልነበረም፤ ስንፍና ነበር።

ወላጆች ሆይ! የልጆቻችሁን ሳይክል ዛሬ እዩት። የፊት ፍሬኑ ይሥራ፤ ሳይክል ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብላጫው የማቆም ኃይል ከፊት ጎማ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ ይያዙት። ፔዳሉ ሸካራ፣ ጫማው እግር የሚይዝ ይሁን።

ከዚያ ዱዓ እናድርግላቸው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።