ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሰው አጣላን

በሰው አገር ሲኖሩ የማይለመድ ነገር የለም። እኔን አሜሪካ ያስለመደችኝ ባቡር ነው! የምሳፈርበት እንዳይመስላችሁ። የጥንቱን የመንገደኛ ባቡር 87 ጊዜ አሳንሼ እሠራና ምድር ቤት ጠረጴዛ ላይ አሽከረክረዋለሁ። 26 ሜትር ያህል የነበረው ፉርጎ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መጀመር ያማራችሁ ካላችሁ አንድ ምክር እነሆ፦ ከባቡሩ በፊት ክፍላችሁን ለኩ። ለጀማሪ የሚሸጠው ሐዲድ ኩርባው ጠባብ ስለሆነ ረጃጅሞቹ ፉርጎዎች እየሳቱ ይወድቃሉ።

የኔ ምርጫ "ሱፐር ቺፍ" ነው፤ ያውም የ1937ቱ (እ.ኤ.አ.)። ከቺካጎ ሎስ አንጀለስ በ39 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይገባ ነበር። የሆሊውድ ከዋክብት ይሳፈሩበታል። አፍንጫው ቀይ፣ ጎኑ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ... ምን ልበላችሁ!

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ያገሬ ልጅ አለ። ታዲያ አንድ ቀን የመኝታው ፉርጎ ውስጥ ነጭ ኮት የለበሰ፣ አልጋ የሚያነጥፍ ጥቁር አስተናጋጅ ሳስቀምጥ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምነው! እዚህም አሽከር ልታደርገን ነው? አንሳው!" አለኝ።

ንዴቱ ይገባኛል። ያንን ስድብ እሱም በሥራ ቦታ ቀምሶታል። ግን እነዚያ ሰዎች እኮ አንገት የደፉ አልነበሩም። ተሳፋሪው ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ፣ በባለ ኩባንያው በጆርጅ ፑልማን ስም ሁሉንም "ጆርጅ" ይላቸው ነበር። በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠሩ ነበር። በ1925 በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ። 12 ዓመት ታገሉና በ1937 ኩባንያውን ውል አስፈረሙት፤ የወሩም ሥራ ወደ 240 ሰዓት ወረደ። ይኸው የኔ ባቡር ብቅ ባለበት ዓመት መሆኑ ነው!

ይህን ሁሉ ነገርኩት። "ታሪኩን በመጽሐፍ ጻፈው፤ መጫወቻ ላይ ግን አታስቀምጠው" ብሎኝ ወጣ። ይኸው ሁለት ወር ሆነው፣ ስልክም አያነሳልኝ።

እሱን በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን አልጋውን ማን እንዳነጠፈው የማያሳይ ባቡር ምን ቢያምር ባዶ ይመስለኛል። ሰውዬው አሁንም ከፉርጎው ውስጥ ነው። እናንተ ብትሆኑ ለጓደኝነት ስትሉ ታነሱት ነበር?