ሥዕሉን የሚነግረን ማነው?

ባለፈው ዓመት አባቴ ከመካነ ሰላም ሊጠይቁኝ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ፣ የዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ ወደ ቀረበበት አንድ አገር አቀፍ ዐውደ ርእይ ይዣቸው ሄድሁ። አባቴ ሥዕል ያውቃሉ፤ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊት አቁመው የቅዱስ ጊዮርጊስን ገድል በጣታቸው እያመለከቱ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። በዚህ ስፍራ ግን መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ የሚያስረዳም አልነበረም። ጥቂት ቆመው «ልጄ፣ እዚህ የሚነግር የለም?» አሉኝ። መልስ አጥቼ አፈርሁ።

አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙ ወዲህ አገራችን ሠዓሊ አላጣችም፤ ያጣችው አስረጂ ነው። እስክንድር ቦጎሲያንን የመሰለ ሠዓሊ ከብራና ሥዕልና ከክታብ ጠልሰም እንደ ቀዳ ቢነገራቸው ኖሮ፣ አባቴ በአዲሱ ሥዕል ውስጥ የሚያውቁትን ባገኙ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። መግለጫው በአማርኛና በሌሎቹም ያገራችን ቋንቋዎች ይጻፍ፤ ሠዓሊው በተወሰነ ቀን ከሥራው አጠገብ ቆሞ ያስረዳ፤ ከሥዕሎቹም ጥቂቶቹ ወደ ደሴና ወደ መካነ ሰላም ይላኩ፤ ለዚህም አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። «አገር አቀፍ» የሚለው ስም እውነት የሚሆነው፣ አባቴ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው በጣታቸው ማመልከት የጀመሩ ዕለት ነው።