ተከራይዋ ምን ብላ ትፈልጋለች?

አዲስ አበባ ውስጥ አከራይዋ «በሦስት ቀን ልቀቂ» ያሏት ሴት አለች እንበል። ሌሊት ስልኳን ከፍታ ጎግል ላይ «አከራይ ልቀቂ ቢለኝ» ብላ ትጽፋለች። መልሱ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ይህንን አሳምሮ ያብራራ ጸሐፊም አይጠፋም። ርዕሱን ግን «የጣሪያው እንባ» ብሎታል!

በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው መሸፈን ይወዳል። መፈለጊያው ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያየው ሰሙን ነው፦ ርዕሱን፣ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች፣ ሌሎች ገጾች የሰጡትን ማስፈንጠሪያ። ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። «ዓዋጅ» ብሎ የጻፈውን «አዋጅ» ብላ የፈለገችው ላታገኘው ትችላለች። (ሁለቱንም አጻጻፍ አንድ ገጽ ላይ ማስገባት የአማርኛ መምህራንን ያስቆጣል፤ ይቆጡ።)

ክፍተቱን የሚሞላው «ልቀቂ» የሚለውን ቃል ሃያ ጊዜ ደጋግሞ ምንም የማይነግር ገጽ ነው። ጎግል እንዲህ ያለውን ገለባ ለማራገፍ እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» የተባለውን ማሻሻያ አውጥቷል። ግን ፍሬው ካልተገኘ ገለባው ቢራገፍ ምን ይተርፋል?

ሴትዮዋ ሦስት ገጽ ከፍታ ዘጋች። ሲነጋ ደላላ ጋ ደወለች።